ያልበሰለው ቃል

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ ነው፣ ከራቃችሁ አትሰሙኝም። አንተ እግርህን ሰብስብ። አንቺ ሕፃኑን ወደኔ አምጪው፤ እሱም ይስማ፣ ነገሩ የእሱ ነው። ተረት ተረት!

«የመሰረት!»

ዝናቡ በለጣችሁ። ተረት ተረት!

«የመሰረት!!»

እንዲህ ነው እንጂ። በድሮ ጊዜ፣ ከገደል ሥር ባለች መንደር፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። አንዲት ሕፃን ልጅ ነበረቻት፤ ስሟ ማንጠግቦሽ። ልጅቷ ግን ስሟ አፏ ውስጥ አልገባ ብሏት ራሷን «ማቦ» ትላለች። «እዘይኝ» ለማለት እጇን ዘርግታ «ኡጲ!» ነው። ጠዋት በበሩ ቀዳዳ የምትገባውን ፀሐይ «ናኒሎ» አለቻት፤ ከመሬት ላይ ልታነሳት ትታገላለች፣ እምቢ ስትላት ትቆጣታለች። ውሃን ደግሞ «ቡልቢጦ» ትላለች። ከየት እንዳመጣችው እንጃ!

በዚያ አገር ወግ ነበር። ልጅ ቃል አስተካክሎ የተናገረ ቀን እናቱ የገብስ ዱቄት በቅቤ አሽታ ጎረቤት ትጠራለች፤ «የአፍ መፍቻ ጭኮ» ይሉታል። አንጓች ገብሱን ቆልታ ፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ ትጠብቃለች። ልጅቷ ግን ወይ ፍንክች! ጎረቤቷ እትዬ ዘርፌ በአጥር ላይ አንገታቸውን እያሰገጉ፣

«አንጓች፣ ጭኮው መቼ ነው? ወይስ ቅቤው ሲሻግት?» ይሏታል።

«ደርሷል እትዬ» ትላለች፣ እያፈረች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ «ቡልቢጦ አይባልም! ውሃ በይ፣ ውሃ!» ማንጠግቦሽም ትንከተከትና «ቡልቢጦ!»

አንድ ቀን ጆሮው ሰፌድ ሰፌድ የሚያክል ጭራቅ መጣ። የመንደሩን ምንጭ በቋጥኝ ደፈነና አጠገቡ ተቀመጠ።

«በዓለም የተነገረ ቃል ሁሉ በዚህ ጆሮ ገብቷል» አለ። «ፍቺያቸውን የማላውቃቸውን ሦስት ቃላት ያመጣ ውሃውን ይውሰድ። የማውቀውን ያመጣ ግን ድምፁን እውጠዋለሁ!»

መጀመሪያ ጭቃ ሹሙ ሄዱ። ከቅድመ አያታቸው የሰሙትን የጥንት ቃል ተናገሩ። «አውቀዋለሁ!» አለና ፍቺውን ነገራቸው። ድምፃቸውን ዋጥ! እንደ ዓሣ አፋቸውን እየከፈቱ እየዘጉ ተመለሱ። ቀጥሎ ነጋዴው ሄደ። ከባሕር ማዶ የሰማውን ቃል ተናገረ። «አውቀዋለሁ!» ዋጥ!

ምን አልክ? ለምን ፈጥረው አይናገሩም? ጎሽ። እትዬ ዘርፌም እንዳንተ አሰቡ። ነጠላቸውን አጣፉና ሄደው፣ ሌሊቱን ሲፈጥሩት ያደሩትን አዲስ ስድብ ሰደቡት።

«ኧረ ይቺንማ አክስቴ ናት የምትሰድበኝ!» ብሎ ሳቀና፣ ዋጥ! አየህ፣ ትልቅ ሰው የሚፈጥረው ከሰማው ቀጣጥሎ ነው።

ውሃ ጠፋ። የማንጠግቦሽ ከንፈር ደረቀ። ቅሉን እየነካካች «ቡልቢጦ… ቡልቢጦ…» ስትል እናቷ ቅሉን ከእጇ ተቀበለች። ቅሉን ብትገለብጠው አንድ ጉንጭ ውሃ ተገኘ። ልጅቷ ግማሹን ጠጣች፤ ግማሹን ደጃፍ ላይ ለተዘረረች እንቁራሪት አፈሰሰችላት። እንቁራሪቷ ዓይኗን ገለጠችና፣ ያኔ እንስሳት ይናገራሉ፣ እንዲህ አለች፦

«አንጓች፣ ጭራቁ የሚያውቀው የበሰለውን ቃል ነው። ገና ያልበሰለ ውሰጂለት።»

«ከየት አባቴ አመጣለሁ?»

«እግርሽ ሥር ቆሟል።»

«ልጄን? ገና አፏን ሳትፈታ ድምጿን ቢውጥብኝስ!»

«ብትቀር በጥም ታልቅብሻለች። አንቺ ብቻ አደራ፣ አታርሚያት።»

አንጓች እያለቀሰች ልጇን አዘለች። እንቁራሪቷም ትከሻዋ ላይ ጉብ አለች።

ጭራቁ ሲያያቸው ጆሮውን አራገበ። «ይቺ ናት የምትፈትነኝ? ተናገሪ እስቲ፣ አንቺ ድንቢጥ!»

ማንጠግቦሽ ከእናቷ ጀርባ ወርዳ ቀና ብላ አየችው። አልፈራችውም። ጀርባው ሰፊ ነዋ! እጇን ዘረጋችለት።

«ኡጲ!»

«ኡጲ… ኡጲ… የቀበሮ ስም ነው!»

«ኣይ!» አለች። ጠጉሩን ይዛ ጀርባው ላይ ወጣችና አንገቱን አቀፈችው። «ኡጲ።» ጭራቁ ክው አለ። በዕድሜው እዘለኝ ያለው የለም። አንዱን ቃል አላወቀምና ቋጥኙ አንድ ጊዜ ተነቃነቀ።

ደመናው ገለጥ ሲል እግሩ ሥር ፀሐይ ወደቀች።

«ናኒሎ!»

«የንጉሥ ዘውድ ነው!»

«ኣይ!» ወርዳ ብርሃኑን ዘገነችለት። እጁን ከፍቶ ቢያይ ባዶ። ቋጥኙ ደግሞ ተነቃነቀ።

ሦስተኛ፣ ከቋጥኙ ሥር የሚንዶቆዶቀውን ሰማች። ጆሮዋን ለጠፈችና «ቡልቢጦ!» አለች።

የአንጓች ማረም የለመደ አፍ አላስቻለውም። «ው…» ስትል፣ እንቁራሪቷ ዘልላ አፏ ላይ ልጥፍ! «እምምም!»

ጭራቁን ላብ አጠመቀው። «ቡልቢጦ… የዝሆን ሕመም ነው? የሠርግ ወጥ ነው? ኧረ ንገሪኝ!»

ልጅቷ ቋጥኙን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና «ቡልቢጦ ና!» አለች። ልብ በሉ፣ ሁለት ቃል ስታገጣጥም ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ቋጥኙ ተንከባለለ። ውሃው ፏ ብሎ የጭራቁን ፊት አጠበው።

«አሃ! ውሃ ነው!» አለ።

«ረፍዷል!» አለች እንቁራሪቷ።

ጭራቁ ራሱ በሳቅ ፈነዳ። ሲስቅ የዋጠው ድምፅ ሁሉ ከሆዱ ወጣ። ቀድሞ የወጣው የእትዬ ዘርፌ ነበር፤ «አንጓች፣ ጭኮው መቼ ነው?» እያለ።

«ዛሬ ነው እትዬ!» አለች አንጓች።

ጭኮው በዚያው ቀን ታሸ። እትዬ ዘርፌ ከሁሉ በፊት ጎረሱ፤ አፋቸው ሞልቶ ለአንድ ቀን ነገር አልወጣቸውም። ጭቃ ሹሙ ምንጩን «ቡልቢጦ» ብለው ሰየሙት። ነጋዴው ስሙን በየገበያው አዳረሰው። እንቁራሪቷ ምንጩ ዳር ወልዳ ከበደች። ጭራቁም የመንደሩ ሕፃናት አዛይ ሆነ፤ «ኡጲ» ካሉት ጎንበስ ነው። ማንጠግቦሽ አደገች፣ አፏን ፈታች፣ «ውሃ» አለች። ያን ቀን አንጓች ሆዷ ባባና «እስቲ አንድ ጊዜ ቡልቢጦ በይልኝ» ብትላት፣ «እማዬ ደሞ! ውሃ ነው እኮ» አለቻት።

ልጆቼ፣ የሚኮላተፍ አፍ አታሳፍሩ። የበሰለ ቃል ሁሉ መጀመሪያ ጥሬ ነበር።

በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በጭኮ አብሱ።