ዳልቻ የደለበች ጊዜ

በእኛ አገር፣ ልጁን አሞላቅቆ አሳድጎ ሲያበቃ «ሥራ ጠላብኝ» እያለ በሚያማርር አባት ፊት የሚወረወር አንድ አባባል አለ። ወርዋሪው ብዙ ነው፤ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ግን ሁሉም ጣራ ጣራ ያያል። እኔ ልንገራችሁ።

ደብሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሀብቷ አንዲት ዳልቻ ጊደር ናት። ልጇን ስታጭ «ላም ከነጥጃዋ እሰጣለሁ» ብላ ቃል ገብታለች፤ የወንዱም ወገን በልኩ ሊሰጥ ተስማምቷል። ሠርጉ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ጥጃ ከሌለ ግን ሠርግ የለም። የግጦሽ መሬት ስላልነበራት ጊደሯን ለአያ ሞላልኝ በርቢ ሰጠችው። ውላቸው የመጀመሪያው ጥጃ ከእናቱ ጋር ለሠርጉ፣ ቀጥሎ የሚወለደው ደግሞ ለአርቢው ነው።

አያ ሞላልኝ ሰንጋ በማድለብ ስሙ የተጠራ ነው። የእሱ ሰንጋ ጀርባ ላይ ዝንብ ያንሸራትታል ይባል ነበር። የሚያደልብ ሰው ደግሞ ማርባትም የሚያውቅ ይመስለዋል። ዳልቻን ከሰንጎቹ ጎን ግርግም ላይ አሰራት። ጠዋት የባቄላ ክክ፣ ቀን አተላ፣ ማታ ገብስ። መስክ የሚባል አታይም፤ «እንዳይደክማት» ይላል።

ደብሪቱ ልታያት መጥታ ደነገጠች።

«አያ፣ ኧረ ትንሽ ትራመድ! ላም እንድትሆን እኮ ነው የሰጠሁህ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ሲያበላልሽም ትቆጪያለሽ? ጎኗን እዪው! የጎድን አጥንቷን በመዳፍሽ ብትፈልጊው አታገኚውም።»

«እኔ የምፈልገው አጥንቷን አይደለም፣ ጥጃዋን ነው።»

«ትጥገብ እንጂ ጥጃው የት ይሄዳል!»

ጥጃው አልመጣም። ዳልቻ ኮርማ ፈለገች፣ ተጠቃች፣ አልያዘችም። ደግማ ተጠቃች፤ አሁንም አልያዘችም። ሞላልኝ በኮርማው አሳበበና ከቆላ ድረስ ሌላ ኮርማ አስመጣ። ያም የቻለውን አድርጎ ወደ አገሩ ተመለሰ። ይሄኔ ሞላልኝ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቀለቧን ጨመረላታ!

ሠርጉ ሦስት ወር ሲቀረው ደብሪቱ ሽማግሌ ይዛ ደጁ ላይ ቆመች። ከብት አዋቂው አባ ዘገዬ የጊደሯን ጀርባ ዳበሱ፤ ከጭራዋ ሥር ያለውን ስብ እንደ ሊጥ ጨበጡት።

«ይህችማ ማኅፀኗ በስብ ታንቋል። እኩዮቿ ሣር እየነጩ፣ ዳገት እየወጡ ወልደዋል።»

«አባ፣ አስርቤያት እንደሆነ ይፍረዱብኝ! ከልጆቼ አፍ ነጥቄ ነው ያበላኋት።»

«አብልተሃል፤ ማን ካደህ? ለምን እንደምታበላት ነው የረሳኸው።» ወደ በረቱ ዞረው በዱላቸው ጠቆሙ። «ያቺን ቀይ ላም ከነጥጃዋ ለደብሪቱ ስጥ። ዳልቻን ለራስህ አስቀራት።»

ደብሪቱ ሁለተኛ ቃል አልጠበቀችም፤ የቀይዋን ላም ገመድ ቀድማ ጨብጣለች።

ሞላልኝ ጮኸ፤ «የምትታለበዋን ሰጥቼ ይህችን ምን ላድርጋት? ልጆቼስ ወተት ከየት ያግኙ?»

አባ ዘገዬ የደለበችውን ጊደር ከቀንዷ እስከ ጭራዋ ደግመው አዩና እንዲህ አሉት፦ «ጊደሩን እንደ ሰንጋ ያበላ፣ ወተቱን ያገኛል በቢላ።»