ወለተ ኢያቄም በብርድ ወራት ስላነደደችው እሳት

ምእመናን ሆይ፥ ጆሮአችሁን አዘንብሉ፥ ልባችሁንም ሰብስቡ፤ አምላክን የወለደች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በብርድ አገር ለአንዲት አራስ ያደረገችውን እነግራችኋለሁና። ጸሎቷ አይለየን፤ አሜን።

ብርድ ዋሻ በምትባል ደጋ ወለተ ኢያቄም የምትባል ሴት ነበረች፥ እመቤታችንንም ከልቧ ትወድ ነበር። አባቷ ሲሞት የተወላት፥ በጥድ ገበታ ላይ የተሣለ፥ ሕፃኑን የታቀፈች የእመቤታችን ሥዕል ነበራትና በምሰሶው ላይ ሰቅላ፥ ዘወትር ማለዳ የተዳፈነውን ረመጥ ገልጣ እሳት ባያያዘች ጊዜ፥ እጇን ለሌላ ሥራ ሳትዘረጋ፥ በሥዕሏ ፊት ቆማ «ሰላም ለኪ» እያለች ትሰግድ ነበር፤ ይህንንም ስእለት ከልጅነቷ ጀምራ፥ ታማም ሆነ ደክማ፥ አስታጉላ አታውቅም። ባሏ ስነ ጊዮርጊስም ጥቂት መሬት ያለው፥ ከሰው የማይጣላ ገበሬ ነበረ፤ እናቱም እሜቴ ጥርንጎ ከእነርሱ ጋር በአንድ ቤት ትኖር ነበር።

ያቺም አገር ከገብስና ከባቄላ በቀር የማታበቅል፥ ዛፏ ከጥንት የተመነጠረ፥ ነፋሷ አጥንት የሚሰብር ናት፤ ሰዎቿም በበጋ ኩበት ጠፍጥፈው፥ ከገደሉም በታች የአስታ እንጨት ቆርጠው በአህያ እያወጡ ለክረምት ይከምራሉ። በዚያ አገር ሴት ልጅ ስትዳር የሙሽራው ወገን ጎተራ ብቻ ሳይሆን የእንጨት ክምሩም ይታያል፤ በቤቱ መካከል ያለው ምድጃ ካልነደደ ግድግዳው ያልበዋል፥ ልብስ አይደርቅም፥ ሕፃንም አያድግምና። ስለዚህ እሳቱ የጠፋበትን ቤት ሰው እንደሞተበት ቤት ይቈጥሩታል።

በአንድ ዓመትም ክረምቱ መስከረም ጠብቶም አልወጣ አለ፤ በወርኀ ጽጌም፥ የእመቤታችን ስደት በሚታሰብበት ወራት፥ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠና ፍሬ የያዘውን ገብስ ከአገዳው አስተኛው፥ የተረፈውንም ውርጭ መታውና ማሳው እንደ አሮጌ ገለባ ነጣ። የኩበቱ ዳስም ከበረዶው ክብደት የተነሣ ወደቀና ኩበቱ ሁሉ ተመልሶ ጭቃ ሆነ፤ ከሁለቱ በሬዎችም አንዱ በጋጡ ውስጥ ደርቆ ተገኘ። ወለተ ኢያቄምም በዚያው ሰሞን ሴት ልጅ ወለደች፤ ብዙ ዘመን ልጅ አጥታ የኖረች ነበረችና ባሏ ደስታውንና ኀዘኑን በአንድ ፊት መያዝ አቃተው።

ከዚያም አንድ ቀን ስነ ጊዮርጊስ በጓዳ የቀረውን እንጨት አይቶ ምሳሩን አነሣና «ገደል ወርጄ አስታ ልቁረጥ» አላት። እርሷም «ሰማዩን አላየኸውም? ጥቂት ሲገልጥ ትሄዳለህ» ብትለው «ሰማዩን ስንጠብቅ ልጂቱን ብርድ ይጨርስብናል። አንቺ ብቻ እሳቱን አታጥፊ» አለና የልጂቱን እግር ስሞ አህያውን እየነዳ ወጣ።

እርሱም ከሄደ በኋላ ጉም ወረደ፥ ሰውም የገዛ እጁን ማየት ተሳነው፤ በረዶው በላይ በላዩ ወረደና ምድር ነጭ ሆነች፥ ወደ ገደሉ የሚያወርደውም መንገድ ሲናድ ድምፁ እንደ ነጐድጓድ ተሰማ። በእነርሱና በማዶ ባሉት ጎረቤቶች መካከል ያለው ወንዝም ሞልቶ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርድ ነበርና መሻገሪያ ታጣ። ስነ ጊዮርጊስም በዚያ ቀን አልተመለሰም፤ በማግሥቱም አልተመለሰም። እናቱ በደጃፉ ቆማ ስሙን እየጠራች ትጮኽ ነበር፥ ድምጿንም ጉሙ ይውጠው ነበር፤ በኋላም ድምጿ ሲዘጋ ገብታ ከምድጃው ዳር ተቀመጠችና «ገደሉ በልቶታል» አለች። ወለተ ኢያቄምም በልቧ ይህንኑ ትል ነበር።

ከዚያም እንጨቱ አለቀ። የተረፈውን በሬ ወደ ቤት አስገብተው ልጂቱን ከጎኑ አስተኟት፥ ትንፋሹም ጥቂት ረዳቸው፤ ነገር ግን በሬውም ርቦት ነበርና ይንቀጠቀጥ ጀመር። ስለዚህ መቀመጫውን ፈለጡና አነደዱት፥ አልጋውንም ፈትተው አነደዱት፥ ሙቀጫውንና ዘነዘናውንም እንዲሁ አደረጉ። ይህም ሁሉ አመድ በሆነ ጊዜ ወለተ ኢያቄም ተነሥታ ሞፈሩን ከነቀንበሩ ከግድግዳው አወረደች።

እሜቴ ጥርንጎም አይታ ጮኸች፦ «ምነው ልጄ! ሞፈር ያነደደ ቤት በሰኔ ምን ሊሆን ነው? ይህ የአባቱ ሞፈር ነው!»

«ሰኔን የምታይ ልጅ ትኑረኝ እንጂ እሜቴ፥ በእጄ ቆፍሬም ቢሆን እዘራለሁ» አለቻት።

አሮጊቷም በእጇ የሞፈሩን እንጨት ዳሰሰችው፥ ባሏም ልጇም የጨበጡት ነበርና ከጭብጣቸው የተነሣ ለስልሶ ነበር፤ ከዚያም ፊቷን አዙራ «እንግዲያስ እኔ ሳላይ ፍለጪው» አለች። ሞፈሩም ነደደ፥ ቀንበሩም ነደደ። እነርሱም ሲነድ እያዩ የሚመጣውን ዓመትና ከዚያም ወዲያ ያለውን ዓመት አብረው ሲያነዱ እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ቢሆንም እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘረጉ፥ ሞቃቸውም።

ያም እሳት ደግሞ ወደ ፍም፥ ፍሙም ወደ ረመጥ ወረደ። ውጭው ቀን ነበረ፥ ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ከጨለማ የሚለየው ጥቂት ነበር። የሕፃኒቱም ከንፈር ጠቆረ፥ እናቷ ጡት ስትሰጣት አልጠባ አለች፥ ለቅሶዋም እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። እሜቴ ጥርንጎም ልጂቱን ተቀብላ በደረቷ ላይ አድርጋ «ክርስትና እንኳ ሳትነሣ! ስም እንኳ ሳይወጣላት!» እያለች ተንሰቀሰቀች። የክርስትናዋ ቀን ገና ነበርና፥ ካህንም ቢፈለግ በወንዙ ማዶ ነበርና፥ ሞቷ ሁለት ሞት ሆነባቸው።

በዚያን ጊዜ ወለተ ኢያቄም ዓይኗን አነሣችና በቤቱ ውስጥ ከምሰሶው በቀር የቀረ ደረቅ እንጨት ያ የሥዕሉ ገበታ ብቻ እንደሆነ አየች። አሮጊቷም ምራቷ የምታየውን ተመልክታ አማተበችና «አይሆንም ልጄ! እርሷን አይሆንም!» አለች፤ ወዲያውም በእቅፏ ያለችውን ልጅ ጎንበስ ብላ አየችና የተናገረችውን መድገም አቃታት።

ወለተ ኢያቄምም ሥዕሏን አውርዳ በሁለት እጇ ይዛ እንዲህ አለች፦ «እመቤቴ ሆይ፥ አንቺን ባነድ ኃጢአት ነው፤ ልጄን በብርድ ብተዋትም ኃጢአት ነው። ለብዙ ዘመን ለመንኩሽና ሰጠሽኝ፤ ልትወስጃት ነበር የሰጠሽኝ? ባሌን አጣሁ፥ እህሌን አጣሁ፥ ያረስንበትን እንጨት እንኳ አጣሁ፤ ከአንቺ በቀር የቀረኝ የለም፥ አንቺንም እነሆ ላጣሽ ነው። ፍረጂኝ። ነገር ግን ፍርዱ በእኔ ላይ ይሁን፥ በእርሷ ላይ አይሁን።» ይህንም ብላ የሥዕሏን ፊት ሳመችና በረመጡ ላይ አኖረቻት፥ ራሷም በግንባሯ በመሬት ላይ ተደፋች።

ይህን የምትሰሙ ሁሉ፥ ቅዱስ ሥዕል ማንደድ ይገባል ብላችሁ እንዳትስቱ፤ የእናት ጭንቅ እስከ የት እንደሚያደርስ ግን ዕወቁ፥ ጨክናችሁም አትፍረዱ። እመቤታችን የፈረደችውን እነሆ ስሙ።

ወለተ ኢያቄም ተደፍታ ሳለች የሚነድ ቀለም ይሸተኛል ብላ እየጠበቀች ነበር፥ ነገር ግን ሽታም ጢስም አልመጣም፤ ሙቀት ግን መጣ። መጀመሪያ በእጇ ጣቶች መጣ፥ ከዚያም በጀርባዋ ወረደ፥ ከዚያም በክዳኑ ላይ የተጋገረው በረዶ ቀልጦ በደጃፉ ሲንጠባጠብ ሰማች። እሜቴ ጥርንጎም «ተነሺ! ተነሺና እይ!» አለቻት። ባየችም ጊዜ ገበታው በነበልባል መካከል ነበረ፥ ነበልባሉም ከዳር እስከ ዳር ከብቦታል፥ ነገር ግን እንጨቱ አይከስልም፥ ቀለሙም አይፈዝም፤ ሙሴ በሲና እንዳያት ዕፀ ጳጦስ ነደደ እንጂ አልተቃጠለም። የቤቱም ግድግዳ ደረቀ፥ በሬውም ጆሮውን አነሣ፥ የሕፃኒቱም ከንፈር ቀላ፤ ወዲያውም እንደ ተራበ ሰው ተቆጥታ ጮኸች፥ አያቷም ያን ጩኸት ስትሰማ ልቅሶና ሳቅ ተደባለቁባት።

ወለተ ኢያቄምም ልጇን ተቀብላ ጡት ስትሰጣት፥ እነሆ በምድጃው ማዶ እመቤታችን ተቀምጣ ታየቻት። በወርቅ ዙፋን ላይ አልነበረችም፤ በደረቅ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር እንጂ፥ ልብሷም እንደ መንገደኛ ልብስ እርጥብ ነበረ፥ እጆቿንም ወደ እሳቱ ዘርግታ ነበር። እንዲህም አለቻት፦ «በአባቴ ስም የተጠራሽ ልጄ፥ አትፍሪ። ይህ እሳት አያቃጥለኝም፤ እሳተ መለኮትን በማኅፀኔ ተሸክሜ አልተቃጠልሁምና። እኔም ልጄን ይዤ በብርድ አድሬአለሁ፥ ደጅ የሚከፍትልኝም አጥቻለሁ። ልጅሽ በሕይወት ትኖራለች።»

ወለተ ኢያቄምም ደፍራ «እመቤቴ፥ ባሌስ?» አለቻት።

የእመቤታችንም ዕንባ በጉንጯ ላይ ወረደ። ወለተ ኢያቄምም ነገሩን አወቀችና ልጇን ታቅፋ በፊቷ አለቀሰች፥ ሁለቱም በአንድ እሳት ዳር አለቀሱ፤ ጥቂትም ቆይታ እመቤታችን ከዓይኗ ተሰወረች። አሮጊቷም ያየችው እሳቱን ብቻ ነበር፥ ነገር ግን የምራቷን ፊት አይታ ልጇ እንደ ሞተ ተረዳች።

ያም እሳት ሰማዩ እስኪገለጥ፥ ወንዙም እስኪጎድል ድረስ ምንም ሳይጨመርበት ነደደ። ከዚያም የማዶ ሰዎች እንጨት ተሸክመው፥ ካህኑም አባ ኅሩይ በፊታቸው ሆኖ፥ ተሻግረው መጡ፤ በመንገድም የስነ ጊዮርጊስን ሬሳ ከናዳው ሥር አግኝተውት ነበርና በቃሬዛ ይዘውት መጡ። ከሕያው አንድም አናገኝም ብለው ነበርና፥ ቤቱን ሞቆ ባገኙት ጊዜ ደነገጡ። ወለተ ኢያቄምም በካህኑ እግር ላይ ወድቃ «አባቴ ይፍቱኝ፥ እመቤቴን አነደድኋት!» አለች፥ የሆነውንም ሁሉ ነገረችው። አባ ኅሩይም ወደ ምድጃው ቀርቦ ገበታውን ከአመዱ ውስጥ አነሣው፥ ገበታውም ቀዝቃዛ ነበረ፥ ከሥሩም ዳሩ በጥቂቱ ጠቁሮ ነበር፤ ተንበርክኮ ተሳለመውና «እርሷ ያልከሰሰችሽን እኔ ማን ነኝና እከስሻለሁ? እግዚአብሔር ይፍታሽ» አላት።

ከጎረቤቶቹም አንዱ ራሱን ደፍቶ «ጉሙ ገለጥ ባለ ጊዜ ጢሳችሁ ሲቀጥን ከማዶ እናይ ነበር። ወንዙን ፈርተን እንጂ ገመድ ጥለን መሞከር እንችል ነበር» አለ። እሜቴ ጥርንጎም ከልጇ ሬሳ ላይ ቀና ሳትል «አሁን መጣችሁ። ልጄን ቅበሩልኝ» አለችው። እነርሱም በክብር ቀበሩት፥ የዚያችንም ቤት መሬት በየዓመቱ በደቦ ሊያርሱ፥ እንጨቷንም ከራሳቸው ክምር ሊሰጡ በካህኑ ፊት ቃል ገቡ፥ ቃላቸውንም ጠበቁ።

ወገኖቼ፥ እመቤታችን ሕፃኒቱን አድና አባቷን ስለ ምን አላዳነችም ብላችሁ ብትጠይቁኝ፥ አላውቅም። ከእኔ በፊት የነገሩኝ አባቶችም አላወቁም።

የክርስትናዋም ቀን በደረሰ ጊዜ ወለተ ኢያቄም የኀዘን ልብሷን እንደለበሰች ልጇን ታቅፋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባች፥ ሕፃኒቱም ተጠምቃ በአባቷ መታሰቢያ ወለተ ጊዮርጊስ ተባለች፥ ከቅዱስ ሥጋውና ከክቡር ደሙም ተቀበለች። ሕዝቡም እልል ባለ ጊዜ እናቲቱ በመቅደሱ መጋረጃ ፊት ቆማ እንዲህ ብላ አመሰገነች፦ «እመቤቴ ሆይ፥ ስለ ሰጠሽኝ አመሰግንሻለሁ፤ ስለ ሄደብኝ አልጠይቅሽም፤ በሐዘኔ ቀን ከእኔ ጋር በመሬት ተቀምጠሽ አልቅሰሻልና።»

ለወለተ ኢያቄም የደረሰች እመቤታችን ለእኛም ትድረስልን፤ በበረደው ቤታችን ትግባ፥ የምንወደው ሰው ከመንገድ በቀረብን ጊዜም አትለየን። ይህን ያነበበውን፥ የሰማውንም፥ አልቅሶ የሰማውንም ሁሉ ልጇ ወዳጇ በምሕረቱ ይጎብኝ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።