የትሁኔ ፈቃድ

ሰው ሲበደል ባየን ቁጥር አፋችን ላይ የምትመጣ አንዲት አባባል አለች። ስንቱ እንደ ዋዛ ይላታል! መጀመሪያ የተነገረችው ግን ትሁኔ ለምትባል ሴት ነው ይላሉ የእኛ አገር ሽማግሎች።

ዘንጎና መሸሌ አንድ ወንዝ የሚለያቸው ጎረቤት አገሮች ነበሩ። በግጦሽ ተጣልተው ሦስት ዓመት ተዋጉ። በመጨረሻው በጋ የመሸሌ ጦር ባዕድ በማያውቀው መሻገሪያ ገብቶ ዘንጎን አቃጠለ። መሻገሪያውን ያሳየው አድጌ የሚባል የዘንጎ ሰው ነበር፤ ሹመት ተስፋ ሰጥተውት ከድቶ ነው። የትሁኔ ባል ልጃለም ከስድስት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ ሴቱና ሕፃናቱ ተራራው ላይ እስኪወጡ ድረስ ያንን ጦር ገትሮ ያዘው። ሰባቱም እዚያው ወድቀው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገን ደከመና ለእርቅ ወንዙ ዳር ተቀመጡ። መሸሌዎች ላቃጠሉት ሁሉ የከብትና የእህል ካሳ ሊከፍሉ ተስማሙ። የውሉ ጸሐፊ የዘንጎው መሪጌታ ፈንታ ነበሩ። ማኅተም ሊያርፍ ሲል የመሸሌው ሹም፣

"አንድ ነገር ይቀራል" አሉ። "ካሳውን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው አድጌ ይሁን። ቃል ገብተንለታል። እሱ ካልሆነ ውል የለም።"

ዘንጎዎች አንገታቸውን ደፉ። በአገሩ ልማድ፣ ደም የፈሰሰበት እርቅ ያለ ሟች ቤተሰብ ፈቃድ አይጸናም። የስድስቱ ቤተሰቦች "ትሁኔ ያለችው ይሁን" ስላሉ እሷ ተጠራች። ማቋን እንደለበሰች መጣች። መሪጌታ የተባለውን ሁሉ ነገሯት።

"እንቢ ካልሁስ፣ አባቴ?"

"ጦርነቱ ይቀጥላል፣ ልጄ።"

"ማን ተርፎ ነው የሚዋጋው?"

መሪጌታ በእጃቸው ወደ ኋላዋ አመለከቱ። ትሁኔ ዘወር ስትል፣ ጢም ያላወጡ ጎረምሶች የሟች አባቶቻቸውን ጦር ይዘው ቆመዋል።

"እነዚህ ናቸው?"

"እነሱ ናቸው።"

ጎረምሶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠችና፣ "ልጃለም ይቅር ይበለኝ፤ ይሁን" አለች። ውሉ ታሰረ።

ከብቱ ወንዙን ተሻግሮ ገባ። እህሉም ተጫነ። አድጌ ግን ለራሱና ለወዳጆቹ አደረገው። ትሁኔ ለሁለት ሴት ልጆቿ ጎመን እየቀቀለች ክረምት ደረሰባት። መሬቷ ጦም ሊያድር ሲል አድጌ ደጅ ሄደች። ድግስ ላይ ነበር።

"አድጌ፣ ለልጃለም ልጆች አንድ በሬ ስጠኝ።"

"ውሉ የሚለው፣ ቤቱ ለተቃጠለበት አባወራ ይሰጥ ነው" አለ አጥንቱን እየጋጠ። "ያንቺ አባወራ የታለ?"

የተቀመጠው ሁሉ መብላቱን ቀጠለ። ትሁኔም ወጥታ ሄደች።

መንገድ ላይ መሪጌታ ፈንታን አገኘች።

"ሰጠሽ?"

"አባወራሽ የታለ አለኝ።"

ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ። "ያችን ቃል የጻፍሁ እኔ ነኝ" አሉ። "ከዚህ ትደርሳለች ብዬ አላሰብሁም። ልጄ፣ እጄን በቆረጠው!"

"እርስዎ ምን ያድርጉ፣ አባቴ።"

በሬ የላቸውም የሚሰጧት። ከቤታቸው ሁለት ዶማ አምጥተው እርሻዋ ላይ አብረዋት መቆፈር ጀመሩ፤ እሳቸው በሰባ ዓመታቸው፣ እሷ በማቋ። ዝናብ ሊመጣ ሰማዩ ጠቁሯል። የአድጌ ድግስ ዘፈን ከማዶ ሲሰማ ትሁኔ ዶማዋን ጥላ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላሰማችውን ልቅሶ አለቀሰች። መሪጌታም አጠገቧ ቆመው እንባቸውን እየጠረጉ እንዲህ አሏት፦ "አይ ልጄ፣ የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ።"