ከሁሉ ዝቅ ያለው ድምፅ

«አንድ ነጋዴ ነበረልሽ፤ ቆይ፣ አታቋርጪኝ» አሉ ጋሼ ይርዳው። ዕድሜያቸውን በዳኝነት ፈጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጥያቄውን ያመጣችው የእህታቸው ልጅ ትሁት ናት፤ ዳኛ ከሆነች ገና ዓመቷ ነው። «ጋሼ፣ መዝገብ ተከምሮብኛል። ትልልቁን ጉዳይ በጥንቃቄ መርምሬ፣ ትንንሹን ቶሎ ቶሎ ብቆርጠው ምን አለበት?» ነበር ያለቻቸው። ቆጣ አሉና ወሬውን ቀጠሉ።

ነጋዴው ከሙዚቃ ሌላ ሱስ አልነበረውም። ከውጭ ያስመጣው የድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየሩ፣ ሲከፈት የቤቱ መስኮት ይንቀጠቀጣል። ይህ ሰው እናት ነበረችው። እናቱና አባቱ በወጣትነታቸው እየተቀባበሉ ይዘፍኑ ነበር፤ አንድ ጊዜም በቴፕ ተቀድተዋል። የአባትየው ድምፅ በግራ ስፒከር፣ የእናትየው በቀኝ ይመጣል። አባትየው ከሞተ ቆይቷል። እናትየውም አርጅታ ራሷን ያማት ጀመር፤ ጮክ ያለ ድምፅ አትችልም። የቀራት ምኞት ያንን ዘፈን መስማት ብቻ ነበር።

«ዝቅ አርግልኝ፣ ልጄ» ትለዋለች። ዝቅ ያደርግላታል። እሷ የምትችለው ልክ ላይ ሲደርስ ግን በግራ በኩል ጸጥ! የእሷ ድምፅ ብቻውን ይቀራል። «አባትህስ? የት ሄደ?» ትላለች። ከፍ ሲያደርገው ደግሞ ጆሮዋን በሁለት እጇ ትይዛለች። ልጅየው በየቀኑ አባቱን እንደገና የሚቀብር መሰለው።

አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ አንድ የታወቀ ባለሙያ ዘንድ ሄደ። ባለሙያው ክዳኑን ፈታና «ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ቮሊዩሙ ነው» አለው። ነጋዴው ቮሊዩም ሲዞር ድምፅ የሚጨምር ይመስለው ነበር። ለካስ ቮሊዩም አንዳች አይጨምርም! ጉልበቱ ሁልጊዜም ሙሉ ነው፤ የቮሊዩም ሥራ ድምፁን ያዝ ለቀቅ ማድረግ ነው። ለግራ አንድ በር፣ ለቀኝ አንድ በር አለው። በሮቹ ወለል ብለው ሲከፈቱ ልዩነታቸው አይታወቅም። ሊዘጉ ሲቃረቡ ግን በፀጉር ያህል እንኳ ቢለያዩ አንዱ ቀድሞ ይዘጋል።

«አዲስ ቮሊዩም እሠራልሃለሁ፤ ሃያ አራት ደረጃ ያለው» አለ ባለሙያው። በየደረጃው ለግራና ለቀኝ ድምፁን የሚይዙ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ ሁለት ሬዚስተሮች ይገባሉ፤ ሁለቱ መንትያ መሆን አለባቸው። አንድ በአንድ እየለካ፣ ልክ ያልመጣውን እየጣለ ተቀመጠ። የላይኞቹን ደረጃዎች በሳምንት ጨረሰ። የታችኞቹ ሦስቱ ሁለት ወር ፈጁበት። እናትየው በየቀኑ እየደከመች ስትሄድ ነጋዴው ቱግ አለ።

«ምን አስቆየህ? እነሱ እኮ ከሹክሹክታ አያልፉም! ማን ይሰማቸዋል?»

«እናትህ» አለው ባለሙያው፣ ቀና ሳይል።

ተሠርቶ መጣ። ነጋዴው ከሁሉ ዝቅ ያለው ደረጃ ላይ አደረገው። መጀመሪያ ምንም የተሰማ አልመሰለውም። ከዚያ፣ የፈጣሪ ያለህ! አባትየው አለ። በግራ በኩል፣ ቀጥኖ፣ ግን ምሉዕ ሆኖ። አንድ ቃል አልጎደለም፤ ሊቀበላት ሲል የሚስበው ትንፋሽ እንኳ ይሰማል። ያ ቤት የሚያናውጥ ጉልበት እንዲህ ለስልሶ ለሁለቱም እኩል ሲደርሳቸው ነጋዴው ፈራ። ቤተ መቅደስ የገባ ያህል ጫማውን አወለቀ።

እናትየው ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ግራ መለሰች። «መጣ» አለች።

ጋሼ ይርዳው ወደ ትሁት ዞሩ። «እንግዲህ አንቺም ቮሊዩሙ ነሽ። ጉልበቱ የሕግ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም። ትልቅ ጉዳይ ላይ ጠበቃ አለ፣ ጋዜጠኛ አለ፣ አዳራሹ ሙሉ ነው፤ እዚያማ ማንም ዳኛ ሁለቱንም ወገን ይሰማል። የዳኛ ልኩ የሚታወቀው ለአንድ ክንድ አጥር፣ ለአንዲት ዶሮ የተካሰሱ ሁለት ድሆች ፊቱ ሲቆሙ ነው። የአንዱ ድምፅ ጠፍቶ የሚቀረው እዚያ ነው፤ ማንም ሳያውቅ።»



«ትናንት አንዲት ሴት ቃሏን ሳትጨርስ አስቁሜያት ወሰንኩ» አለች ትሁት።

«ምን ልትል ነበር?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»