ገበያ ያየው ሞሰብ

፦ ተረት ተረት።
፦ እንስማው በእውነት።

በድሮ ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለች አገር፣ ውዲቱ የምትባል ስፌት ሰፊ ነበረች። ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው በወስፌዋ ነበር።

አንድ ክረምት ማንም ሰፍቶት የማያውቅ ሞሰብ ሰፋች። ክዳኑ እንደ ቆቅ አንገት ወደ ላይ ይሳባል። ወገቡ ሰርጎ ይገባና ከታች ይሰፋል። ደስ አላትና ማክሰኞ ገበያ ይዛው ወጣች። ከጨው ሻጯ ከአጀቡሽ አጠገብ አስቀመጠችው። ሰው ከበበው። አስረስ የሚባል ባለጸጋ ነጋዴም መጣና፣ ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን አይቶ ሄደ።

የዚያ አገር ደንብ እንዲህ ነበር። አዲስ መልክ ያወጣ ሰው፣ ገበያ ሳያወጣው ለዳኛው ያሳያል። ዳኛው ማኅተም ያትሙለታል፤ ከዚያም ሌላ ሰው ያንን መልክ አይሠራም። ገበያ ቀድሞ ያየው ግን የሁሉም ነው። ውዲቱ ይህን አታውቅም ነበር።

አስረስ ግን ያውቃል። ሰፊዎች ቀጠረና ያንኑ የመሰለ ሞሰብ አሰፋ። ከዚያም ዳኛው ዘንድ ሄደና፦ የኔ ነው፣ ሰው አላየውም፣ ብሎ አሳተመ። ውዲቱ ሌላ ሰፍታ ገበያ ስትወጣ የአስረስ ሰዎች ቀሟት።

፦ ሁለተኛ የጌታችንን መልክ እንዳትሰፊ፣ አሏት።

ቤቷ ገብታ ወስፌዋን አነሣች። እጇ የሰው እጅ መሰላት። መልሳ አስቀመጠችው።

ሲነጋ፣ አገሬው ተሰብስቦ፣ አስረስም ባለበት፣ ዳኛው ፊት ቆመች።

፦ አባቴ፣ ሞሰቡ የኔ ነው። ቀድሜ ገበያ ያወጣሁት እኔ ነኝ።
፦ ልጄ፣ ገበያ ካወጣሽው ላንቺም አላትምልሽም።

ውዲቱ መሬት መሬት አየች።

፦ ይሁን። ብቻዬን ልስፋው አልልም። መስፋቱን ግን አልከልከል።
፦ እንግዲያው ገበያ ማየቱን የሚመሰክርልሽ አለ?

ሰው ሁሉ አስረስን ፈርቶ አንገቱን ደፋ። አጀቡሽም የምትሸጠውን ጨው የምታመጣው ከአስረስ ጎተራ ነበር። ግን ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች።

፦ እኔ አይቻለሁ። ከጨዌ አጠገብ ነበር። ጌታ አስረስም ጎንበስ ብለው አይተውታል።
፦ ከእንግዲህ ጨው ከየት እንደምታመጪ እናያለን፣ አላት አስረስ።
፦ እሱን እግዜር ያውቃል፣ ብላ ተቀመጠች።

ዳኛው አስረስን ትክ ብለው አዩትና፦ ዋሽታለች እንኳ አላልክም፣ አሉት። ማኅተሙንም ሻሩበት። ሞሰቡ የአገሬው ሁሉ ሆነ።

ውዲቱ ውጪ ወጥታ የአጀቡሽን ጉልበት ሳመች።

፦ ተነሺ፣ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።
፦ እጄን መለስሽልኝ፣ እቴ።

አስረስ እንዳለውም አጀቡሽን ጨው ከለከላት። ውዲቱም አጀቡሽን ቤቷ አስገባቻት፤ መስፋትም አስተማረቻት። ከዚያም ሌላ አዲስ መልክ አወጣችና፣ በነጠላ ጠቅልላ፣ ለጎረቤት እንኳ ሳታሳይ፣ በቀጥታ ዳኛው ዘንድ ወሰደችው። ሊያትሙላት ሲሉ፦ ስሙን ማን እንበለው? አሏት።

፦ አጀቡሽ ይባል፣ አለች።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ከቂጣው ቁረሱልኝ፣ ተራውን ተቀበሉኝ።