የአንጓች ማኅበር

በቁልቋል ሜዳ የሚያርሱ ገበሬዎች ሁሉ የአንድ ማኅበር ወንድማማቾች ናቸው። የታመመ አባል ማሳ ጦሙን አያድርም፤ በሬ የሞተበትም ብቻውን አያዝንም። አባላቱ ወንዶች ብቻ ሆነው ሳለ ማኅበሩ ግን በሴት ስም ይጠራል፤ የአንጓች ማኅበር ይባላል። ምክንያቱን ሽማግሌዎች እንዲህ ሲሉ ያወሳሉ።

በድሮ ዘመን የከብት በሽታ አገሩን አጥፍቶት ስለነበር፣ በቁልቋል ሜዳ ጥንድ በሬ የተረፈለት ቤት አልነበረም ይባላል። አንድ አንድ በሬ የቀረላቸው ሰዎች እያቀናጁ ለማረስ ተስማሙና ጎረቤት ከጎረቤት፣ አማች ከአማች ተጣመረ። በመጨረሻ ያልተቀናጁ ሁለት በሬዎች ብቻ ቀሩ፤ አንዱ የአንጓች፣ ሌላው የይርዳው። እነዚህን ሁለት ቤቶች ደግሞ ደም ለያይቷቸዋል። የይርዳው ታናሽ ወንድም በወሰን ጠብ የአንጓችን ባል ገድሎ ወደ ቆላ ሸሽቷል። የሟቹ ወንድም ሽባባው «ገዳዩ ከጠፋ ይርዳው ይበቃኛል» ብሎ ሲነሳ፣ ሽማግሌዎች እስከ መስቀል ድረስ እንዲታገሥ በግዝት ያዙት።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም ጣለ። አንጓች የጎተራዋን ወለል አየች፣ ልጆቿን አየች፣ ከዚያም በሬዋን ከይርዳው በሬ ጋር ልታቀናጅ ማሰቧን ለዋርሳዋ ለሽባባው ነገረችው።

«ያ ሰው የወንድሜን ማሳ የረገጠ ዕለት ግዝቱ ፈረሰ» አላት። «ጦሬን ይዤ እጠብቀዋለሁ።»

«የወንድምህን ልጆች ረሃብ ሲገድላቸውስ ደማቸውን ከማን ትመልሳለህ?»

«እኔ አለሁላቸው አይደል?»

«አንተማ አለህ። በሬ ግን የለህም!»

እንደሚነገረው አንጓች በሬዋን እየነዳች እስከ ይርዳው አጥር ድረስ ሄደች፤ ደም ያልደረቀበት ቤት ነውና ግን ደጁን አልረገጠችም።

«አያ ይርዳው፣ በሬህን ከበሬዬ አቀናጅልኝ።»

«ዋርሳሽ ይገድለኛል እኮ።»

«ሊገድልህ ይችላል፤ አልዋሽህም። ካልመጣህ ደግሞ ያንተም ልጆች የኔም ልጆች አይከርሙም።»

ይርዳውም «እንግዲያው ካንቺ ማሳ እንጀምር» አለ። «ብሞትም ያንቺ ይታረስ።»

በማግስቱ ሽባባው ጦሩን ይዞ ወሰኑ ላይ ቆመ። አንጓች ደግሞ በእሱና በአራሹ መካከል ቆመች። ነገር ግን ሁለቱም በሬዎች በቀንበሩ ቀኝ በኩል መጠመድ የለመዱ ነበሩ። ይርዳው የራሱን በሬ በግራ አስገባው፤ በሬው ግን ቦታዬን ብሎ እየዞረ ጓደኛውን ይገፋ ጀመር፤ ትልሙም ወዲያና ወዲህ ተጣመመ።

ሽባባው ሳይወድ ሳቀ። «ይህ እርሻ ነው ወይስ የእባብ መንገድ?»

ሳቁን ሳይጨርስ የአንጓች በሬ እግሩ በጠፍሩ ተጠላልፎ ተንበረከከ። አንጓች ሮጣ ቀንዱን ብትይዝ ወርውሮ ጣላት። የዚያ በሬ እግር ቢሰበር የልጆቿ ነገር ያን ጊዜ አከተመ።

«ተው፣ አቁም! ይሰበራል!» ብሎ ሽባባው ጮኸ። ጦሩን መሬት ላይ ሰክቶ ዘለለና የበሬውን እግር አስለቀቀ። ከዚያም ሁለቱን በሬዎች ከፊት ይዞ፣ ፊቱን ወደ አራሹ እንዳዞረ፣ «በል ግፋ! ምን ታየኛለህ?» አለው። እሱ የኋሊት እየመራ፣ ይርዳው እርፉን እንደጨበጠ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ሲያርሱ ዋሉ።

ሲመሽ ይርዳው ሄዶ ጦሩን ነቀለ፤ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞም በሁለት እጁ ለባለቤቱ አቀረበለት። ሽባባው ጦሩን ተቀበለ ይባላል። ከዚያም ድንጋዩን ከሰውየው ጫንቃ አወረደና፣ «በሬህን ደህና አድርገህ አብላው፤ ነገ ያንተ ማሳ ነው» አለው።

ማኅበሩ ከዚያ ክረምት ወዲህ ቆመ ይላሉ። ዛሬም ሁለት አባላት ሲጣሉ ሽማግሌዎቹ ነገራቸውን ከመስማታቸው በፊት ወደ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ማሳ ይልኳቸዋል፤ አንዱ እርፉን ይጨብጣል፣ ሌላው በሬዎቹን የኋሊት ይመራል። ብዙዎቹ ማታ ለዳኝነት ሳይመጡ ይቀራሉ። በአንጓች ማሳ ላይ ግን የመጀመሪያው ትልም እስከ ዛሬ ድረስ ጠማማ ሆኖ ይታረሳል፤ ላቅናው ያለም አራሽ የለም።