ታንኳዋን የበላው በሬ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ማለቱን ለዛሬ ተዉትና «የሐይቅ ዳር በረት» በሉኝ። የዛሬው በሬ ጉዱን የሠራው በላም በረት ሳይሆን ሐይቅ ዳር ነው።

አንማው የሚባል ገበሬ ነበር፤ ቤቱ ጣና ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች ባንዷ ነው። ከሁለት በሬዎቹ አንዱ ሞተበትና ሌላው ያለ ጥማድ ቀረ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ የዘር ጊዜ ደርሷል፤ ዘንድሮ ካልዘራ ልጆቹ የሚቀምሱት የለም። ከሐይቁ ማዶ፣ ከዳርቻውም ገና ብዙ የሚያስኬድ አገር ያሉት አማቱ፣ ቡሬ የሚባል በሬያቸውን ዘር እስኪያልቅ ሊያውሱት ፈቀዱ።

በሬ ደግሞ ባንድ ታንኳ አይጫንም። አንማው በረግረግ ከሚበቅል ደንገል የተሠሩ ሁለት ታንኳ ጎን ለጎን አስጠጋ፤ በላያቸው ወፋፍራም እንጨት አጋድሞ ጥፍር አድርጎ አሰራቸውና አንድ አደረጋቸው። ጎረቤቶቹ «ባለሁለት እግሯ ታንኳ» እያሉ ሳቁበት። ሚስቱ አንጓች አልሳቀችም፤ ቶሎ በሬውን ይዞ እንዲመጣ፣ መሬቱ እንደማይጠብቃቸው ብቻ ነገረችው።

የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ ከሐይቅ በወጣ ቁጥር ዳር ላይ ለፀሐይ ተሰጥቶ መድረቅ አለበት። ይህን የደሴት ሰው ገና በእናቱ ጀርባ ሳለ ያውቀዋል። አንማውም ሐይቁን ተሻግሮ፣ ሰው በማይደርስበት ዳርቻ ታንኳዋን አስጥቶ፣ አማቱ ዘንድ ወጥቶ፣ ቡሬን እየነዳ ተመለሰ። ታንኳዋ እንደ ድርቆሽ ደርቃ ጠበቀችው። ደክሞት ነበርና በሬውን ከጎኗ አሰረ፤ ሁለቱንም ባንድ ዓይኔ እጠብቃለሁ ብሎ ጋደም አለ። ሁለቱንም ዓይኑን ጨፈነ።

ሲነቃ፣ ባለሁለት እግሯ ባለአንድ ተኩል እግር ሆናለች። ቡሬ የቀኙን ታንኳ ካፍንጫው እስከ ወገቡ ግጦት፣ ተኝቶ ያመሰኳል። አንማው ክው አለ። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆመ። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ይባላል፤ እዚህስ ሳሩን ያየው በሬው፣ ገደሉን ያላየው ባለበሬው ነው።

አንማው የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቤቱ መግባት። ታንኳዋን ቤቴ አድርሺኝ ብሎ ለመናት። ታንኳዋ ግን ያለ ደንገል አልሄድም አለች።

እየተራገመ ቡሬን ከታንኳዋ አርቆ አሰረና ወደ ረግረጉ ወረደ። ደንገሉ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። ከወገቡ የሻጠውን ማጭድ አወጣና ገና የመጀመሪያውን ጭብጥ ሲስብ ማጭዱ ለሁለት ተሰበረ። አንማው እጀታውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ደንገሉ ያለ ማጭድ አልታጨድም አለ፤ ታንኳዋ ያለ ደንገል አልሄድም አለች፤ አንማውም ከቤቱ እንደራቀ ቀረ።

ሽቅብ ሄዶ ሄዶ ሁለት ጎጆ አገኘ። በአንደኛዋ ቀጥቃጩ አያ ደምለው ነበሩ፤ ምድጃቸው ቀዝቅዟል። ማጭዱን አገላብጠው አዩና፣ መቀጠሉ ቀላል ነው፣ ግን እሳት የምነፋበትን የቆዳ ወናፌን አይጥ በልታብኛለች አሉት። አንማው ደነገጠ። በዚህ አገር የማይበላ ነገር የለም ወይ ብሎ አሰበ። ወናፉ ያለ ቆዳ አልነፋም አለ፤ ማጭዱ ያለ ወናፍ አልበጅም አለ፤ ደንገሉ ያለ ማጭድ አልታጨድም አለ፤ ታንኳዋ ያለ ደንገል አልሄድም አለች፤ አንማውም ከቤቱ እንደራቀ ቀረ።

በሁለተኛዋ ጎጆ ባላቸው የሞቱባቸው እትዬ ያልጋነሽ ነበሩ። ምሰሶው ላይ ከፍየል ቆዳ የተሰፋ አቁማዳ ተንጠልጥሏል። አንማው ቆዳውን ሲያይ ፊቱ በራና ለወናፉ እንዲሰጡት ለመናቸው፤ እሳቸው ግን ተነሥተው አቁማዳውን አቀፉት። ውስጡ ያለው የዘር ዳጉሳቸው ነው። ማሳዬ ሳይታረስ ዘሩን የት ላፍስሰው፣ ላንተ ቆዳ ብዬ ለወፍ ልስጠው ወይ አሉት። አንማው ዘር ምን እንደሆነ ያውቃልና ቆዳውን መለመኑን ተወ።

ማሳው ለምን አልታረሰም ብሎ ጠየቃቸው። እትዬ ያልጋነሽ በጓሮ በኩል የቆመውን አንድ በሬ አሳዩት። «አንድ በሬ ስቦ፣ አንድ ሰው አስቦ የት ይደርሳል፣ ልጄ?» አሉት። አንማው ቁጭ አለ። ማሳው ያለ ጥማድ አልታረስም አለ፤ አቁማዳው ያለ ማሳ አልራገፍም አለ፤ ወናፉ ያለ ቆዳ አልነፋም አለ፤ ማጭዱ ያለ ወናፍ አልበጅም አለ፤ ደንገሉ ያለ ማጭድ አልታጨድም አለ፤ ታንኳዋ ያለ ደንገል አልሄድም አለች፤ አንማውም ከቤቱ እንደራቀ ቀረ።

እትዬ ያልጋነሽ አዘኑለት። ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደገጠመው ጠየቁት፤ እሱም ከታንኳዋ ጀምሮ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። በሬ ታንኳ በላ ሲላቸው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ፣

«በሬውስ የት አለ?» አሉት።

አንማው እንደገና ክው አለ። ብረት ሲለምን፣ ቆዳ ሲለምን ውሎ፣ በሬውን ግን ከመራገም በቀር አንዴም አላሰበውም። እየሮጠ ወረደ። ቡሬ ሆዱ ተነፍቶ እዚያው ተኝቷል። አንማው አጠገቡ ተንበርክኮ፣ ማሳው አልታረስም፣ አቁማዳው አልራገፍም፣ ወናፉ አልነፋም፣ ማጭዱ አልበጅም፣ ደንገሉ አልታጨድም፣ ታንኳዋ አልሄድም እንዳሉት ነገረው። ሌላው ሁሉ እምቢ የሚልበት ምክንያት ነበረው፤ አንዱ ቆዳ አጥቷል፣ አንዱ ጥማድ አጥቷል። ቡሬ ምን ይበል? እሱ በልቷል። ትንሽ አቃሰተና ተነሣ።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተፈታ። ቡሬ ከእትዬ ያልጋነሽ በሬ ጋር ተጠመደ፤ ጥማዱ ማሳውን አረሰ፤ ማሳው ዘሩን ተቀበለ፤ አቁማዳው ተራገፈ፤ ቆዳው ወናፉን ጠገነ፤ ወናፉ እሳቱን ነፋ፤ እሳቱ ብረቱን አጋለ፤ ማጭዱ ተበጀ፤ ደንገሉ ታጨደ፤ ታንኳዋም እግሯ ተሞላላትና እሺ፣ እሄዳለሁ አለች።

ቡሬ ገና ከመሳፈሩ አዲሱን ደንገል ማሽተት ጀመረ። አንማው ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። ያን ሁሉ ውሃ ያቋረጠው ባንድ እጁ እየቀዘፈ፣ በሌላው የበሬውን አፍ ጨብጦ ነው።

ደሴቷ ላይ ሲደርስ አንጓች ዳር ላይ አልነበረችም። ማሳ ላይ አገኛት። ታንኳዋን ቁልቁል አየቻት፤ ግማሿ ቢጫ፣ ግማሿ አረንጓዴ ነው።

«ምን ነካት?» አለችው።

«በሬው በላት።»

አንጓች ክው አለች። በሬውን አየች፣ ባሏን አየች። «አንተስ ምን ታደርግ ነበር?»

«ተኝቼ ነበር።»

ስድቡን ጠበቀ፤ አልመጣም። ቀና ሲል ዶማ በእጇ አየ። ማሳውን አየ፤ እኩሌታው ተቆፍሯል። ባሏ የቀረባት መስሏት ብቻዋን በዶማ ስትቆፍር ነው የከረመችው፤ መዳፏ ተልጦ ደም ቋጥሯል። አንማው ታንኳዋ ስትበላ ደንግጧል፣ ማጭዱ ሲሰበር ደንግጧል፤ የዚህን ያህል ግን አልደነገጠም። ዶማውን ከእጇ ተቀብሎ አስቀመጠና ቀንበሩን ሊያመጣ ሄደ።

ቡሬ ከቀረው በሬ ጋር ተጠምዶ የቀረውን ማሳ አረሰ። አንማው ከኋላ እርፉን ይዞ፣ አንጓች በተላጠ እጇ ዘሩን እየበተነች። ዝናቡ የወረደው ዘሩ አፈር ከለበሰ በኋላ ነው።

ተረቴን መልሱ፤ ታንኳችሁን ከበሬ ፊት አንሱ።